ፒኑን በእሷ በኩል

ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ እውነት ነው። አባቴ ይሙት ብዬ እንዳልምል አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ አክስቴ ትሙት ብል ደግሞ ምኞት ይመስልብኛል። ስለዚህ በሁለት ዓይኔ እምላለሁ፣ ካስፈለገም መነጽሬን እጨምራለሁ። ነገሩ የማይመስል መሆኑን አውቃለሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ የሚመስል አድርጌ አወራው ነበር።

ያን ጠዋት አውሮፕላን ማቆሚያው ሜዳ ላይ የነፈሰው ነፋስ የዋዛ አልነበረም። የሻንጣ ጫኞቹ አለቃ ባርኔጣ ከራሱ ላይ ተነስቶ፣ ያለ ትኬትና ያለ ፓስፖርት ድንበር ሲሻገር ያዩ ሰዎች አሉ። በዚያ ነፋስ መሃል አንድ ወጣት ወዲያ ወዲህ ይላል። ወደ ትራክተሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል። በየመሃሉ የደረት ኪሱን ይዳስሳል፤ ያለው ነገር እንዳለ ነው፤ እንደገና ይዳስሳል።

የልጁ ሥራ አውሮፕላን ማስገፋት ነው። አውሮፕላን ያን ሁሉ ሰማይ ሲያቋርጥ የሚውል ጀግና ቢሆንም ከቆመበት ወደ ኋላ መውጣት ግን አይሆንለትም። በሩ ሲዘጋ ትራክተር አፍንጫው ሥር ገብቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ትራክተሩን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ የኛው ልጅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ገመዱን አውሮፕላኑ ላይ ሰክቶ፣ ጎን ለጎን በእግሩ እየሄደ ከአብራሪዎቹ ጋር ይነጋገራል። ጓደኞቹ "ገፊው" ይሉታል። እናቱ ይህን የሰማች ቀን፣ እኔ በሕይወት ቆሜ እየሄድኩ ልጄን ገፊ ያለው ማነው ብላ ሥራ ቦታው ድረስ መጥታ ተጣልታለች። ከተጣላቻቸው አንዱ ትራክተር ነጂው ጢሞ ነው። ጢሞ ጢሙ ከእሱ ቀድሞ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አውሮፕላን አለስልሶ ከመግፋቱ ብዛት ተሳፋሪው ደርሰናል ብሎ ሻንጣውን አወረደ ሲል ይምላል።

"አንተ ልጅ፣ ቁም እንጂ፤ አስፋልቱን እኮ ጨረስከው" አለ ጢሞ ከመቀመጫው ላይ።

"ልቁም ብለው እግሬ እምቢ አለኝ ጋሼ።"

ጢሞ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ያን ቀን ማን እንደምትሄድ ያውቃል። ጢሙን ወደ ታች ጎተት አድርጎ፣ ሌላው ቢቀር ዛሬ በማዳመጫው አንድ ቃል ወርውርላት፣ ከዚያ በኋላ አንተ መሬት እሷ ሰማይ ናችሁ አለው። ገፊው ኪሱን ዳሰሰ።

* * *

ፍቅራቸው በገመድ የተጀመረ ነው። ሰው በዓይን ይዋደዳል፣ በጎረቤት ይዋደዳል፣ በአማላጅም ይዋደዳል። እነዚህ ግን ሳይተያዩ ማዳመጫ ውስጥ ነው የተዋደዱት።

ደንቡ እንደሚያዘው እሱ "ኮክፒት፣ ከመሬት ነው" ይላል። ከላይ "መሬት፣ ኮክፒት ይሰማል" የሚል የሴት ድምፅ ይመልሳል። ፍሬን ተይዟል፣ ፍሬን ተለቋል፣ ግፋ፣ በቃ። ከዚህ ሌላ ጨዋታ የለም። አንድ ዝናባማ ቀን ግን ፍሬን ይለቀቅ ሊል ጀምሮ ማስነጠስ ቀደመው። ከላይ "ይማርህ መሬት፤ ፍሬን ተለቋል" የሚል መጣ። በረራው ሲመለስ ተረኛው ሌላ ሰው ነበር፤ ገፊው ተራ ለምኖ ተቀያየረና እዚያው ተገኘ። ጉንፋኑ ተሻለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። በጣም ደህና ነኝ አለና አከታትሎ አስነጠሰ። ሳቋ በገመዱ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ቀረ፤ ማታ ማዳመጫውን ካወለቀ በኋላም አልወጣለትም።

መልኳን ያየው በሠራተኞች አውቶቡስ ነው። ከፊት ወንበር የአብራሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ለሾፌሩ "ወራጅ አለ" አለች። በቃ። በሁለት ቃል አወቃት። ከአፉ "ኮክፒት" የሚል አመለጠው። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆማ ዞረች፤ ዓይኗ ከፊት ፊት እየዘለለ ፈልጎ ፈልጎ እሱ ላይ አረፈ።

"መሬት?" አለች።

አብሯት ወረደ። ሰፈሩ በሌላ አቅጣጫ ነበር። ወደ ቤቱ በእግሩ ሲመለስ ጫማው ተበሳ፣ እሱ ግን ያወቀው በነጋታው ነው።

ከዚያ በኋላ ስም አላስፈለጋቸውም። እሱ መሬት፣ እሷ ኮክፒት። እሷ ግን ተራ ልጅ አልነበረችም። አባቷ ካፒቴን ነው፤ ያውም ካፒቴን ቁልፍ። ሰውየው ከንፈሩን የሚከፍተው ለሥራና ለምግብ ብቻ በመሆኑ የወጣለት ስም ነው። ሚስቱን ለጋብቻ ሲጠይቃት እንኳ "ዝግጁ ነሽ?" ብቻ ነበር ያለው ይባላል። የገፊው እናት ደግሞ በአየር መንገዱ ልብስ ንጽሕና ክፍል የአብራሪዎችን ሸሚዝ የምትተኩስ ሴት ናት። ልጇ ነገሩን ሲያጫውታት የጋለውን ካውያ አቆመች። ከዚያ፣ የሰውየውን ኮሌታ ከሚስቱ ይልቅ አውቀዋለሁ፣ አንዲት እጥፋት ካገኘ ሳይናገር ይመልሰዋል፤ ሸሚዝ እንዲህ የሚመልስ ሰው አማች ሲሆን ምን ሊሆን ነው አለችው። ተቆጥታ ግን አልነበረም። ፈርታ ነበር። ፍርሃቷ እሱም ላይ ተጋባበት።

አሁን ስለ ፒኑ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ትራክተሩ ሲገፋ አብራሪው መሪውን እንዳያዞርበት፣ የፊት ጎማው እግር ላይ ጣት የምታክል የብረት ፒን ትሰካለች። ከርቀት እንድትታይ ረጅም ቀይ ጥብጣብ ታስሮባታል። ግፊያው ሲያልቅ ገፊው ገመዱን ይነቅላል፣ ፒኗን ይነቅላል፣ ራቅ ብሎ ይቆምና ጥብጣቧን ከፍ አድርጎ ለካፒቴኑ ያሳያል። ይህን ነቅያለሁ፣ መሪው የእርስዎ ነው፣ በሰላም ይሂዱ ማለት ነው። ካፒቴኑ አውራ ጣቱን ያነሳል። ፒን የሚታየው ሁልጊዜ በግራ መስኮት ለተቀመጠው ካፒቴን ነው። በቀኝ በኩል ለሚቀመጥ ረዳት አብራሪ ፒን የሚያሳይ የለም።

ገፊው ግን ያሳይ ነበር። ኮክፒት አንድ ቀን የጥብጣብህን ቀለም ፀሐይ በልቶታል ብላ ቀልዳበት፣ በማግስቱ ቀይ ጥብጣብ አምጥታ ሰጠችው፤ የበረራ ትምህርቷን የጨረሰች ጊዜ የምስክር ወረቀቷ የታሰረበት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ጥብጣብ መቀየር ስለማይፈቀድ፣ ጎብጣ ከሥራ በወጣች አሮጌ ፒን ላይ አሰራትና ደረት ኪሱ አኖራት። ለካፒቴኑ የደንቡን ፒን ካሳየ በኋላ ወደ አውሮፕላኑ ቀኝ ጥቂት ይራመዳል፣ የእሷን ከኪሱ ብልጭ ያደርጋል። ከላይ ከመስታወቱ ጀርባ ጥርሷ ብልጭ ይላል። ያቺ ብልጭታ ለሌሎች ምንም አልነበረችም። ለእሱ ግን እስክትመለስ ድረስ የምታደርሰው ስንቅ ነበረች።

* * *

እንግዲህ አባቷ ቤት የተጠራ ዕለት የሆነውን ስሙ፤ ሳቅ የሚይዘው ሰው አሁኑኑ ገጹን ይዝለል።

ኮክፒት ለአባቷ ከሰዓት በኋላ እንግዳ አለብን አለችው፤ ማን እንደሆነ አልነገረችውም። አባትየው ክራቫቱን አስሮ ተቀመጠ። ገፊው ደግሞ ያን ቀን የሚተካው ተረኛ ስለቀረ እስከ ቀትር ሥራ ላይ ዋለ። ቤቱ ሄዶ ልብስ ልለውጥ ቢል ሊረፍድበት ነው፤ ፊቱን ብቻ ታጥቦ ባለ ብዙ ኪስ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ በሩጫ ሄደ። በሩን የከፈተው ካፒቴን ቁልፍ ራሱ ነው።

"መጣህ? ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅህ" አለ ካፒቴኑ።

ገፊው እንባው መጣ። ነግራዋለች ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀኝ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሰው አፉን ለእኔ ብሎ ከፈተ ማለት ነው። ካፒቴኑ ቀድሞ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ መራው። ወንድ ለወንድ ለብቻችን ልንነጋገር ነው ብሎ ተከተለ። ጓሮው ውስጥ መሰላል ቆሟል፤ ከመሰላሉ በላይ የውሃ ታንከር አለ፤ ከታንከሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ካፒቴኑ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተና "ውጣ" አለ።

የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

በዚህች ቅጽበት አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ይህ ታሪክ ባላስፈለገም ነበር። ተናገር፣ ተናገር እያለ ልቡ ሲጎተጉተው እግሩ ቀድሞ መሰላሉን ወጣ። ካፒቴኑ ደግሞ፣ ያ አንዲት እጥፋት የማያልፍ ሰው፣ ከታች ሆኖ መሰላሉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘለት። ገፊው ከላይ ወደ ታች ሲያይ በክራቫት የታነቀ የሸበተ ሰው ስለ እሱ ደህንነት ተጨንቆ ሲያንጋጥጥ አየ። አንጀቱን በላው። አሁን እኔ የልጅህ እንግዳ ነኝ ብለው ይህ ሰው የት ይግባ ብሎ አሰበ። ኪሱ ውስጥ ፒንሳ አለው። ከአውሮፕላን በቀር ምንም ነገር ነክቶ የማያውቀው ልጅ የሰው ታንከር ሆድ ውስጥ እጁን ከተተ። አንዱን ብሎን አጠበቀ፣ ሌላውን አላላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ውሃ ለበሰ፣ ወረደ። "ጎበዝ" አለው ካፒቴኑ፤ በደጁ አወጣው፤ በሩን ዘጋ።

በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የእሷን ድምፅ ሰማ። "አባዬ፣ እንግዳው አልመጣም?"

ጨምቆ የማይጨርሰውን ውሃ እያንጠባጠበ በሰው ሰፈር መሃል ሄደ። የቀዘቀዘው ግን በውሃው አልነበረም።

* * *

በማግስቱ ገመዱን ሰክቶ "ኮክፒት፣ ከመሬት ነው" ሲል የተመለሰለት ድምፅ በረዶ ነበር። አባቷ ክራቫቱን እስኪመሽ ሳይፈታ መቀመጡን፣ ከዚያም ሰዓት የማያከብር ሰው በሬን አይርገጥ ማለቱን ሰምቷል፤ ከሆስተሶቹ አንዷ አጫውታዋለች። ለኮክፒት ሊነግራት አሥር ጊዜ ጀመረው። በገመድ እንዳይነግራት ሌላ ካፒቴን ይሰማል። በአውቶቡስ እንዳይነግራት እሷ ቀድማ ትወርዳለች። ደግሞስ ምን ይላል? አባትሽ ታንከር አሠራኝ፣ እኔም አሽከር እንደተባለ ሰው ሠርቼ ወጣሁ ይበላት? አልመጣህም ተብሎ መጠላት ይሻላል፣ መጣህ ተብሎ ከመታዘን። ይህን ራሱን ያሳመነበት ምክንያት ነው። ሌሊት ሲገላበጥ ግን ምክንያቱ አብሮት ይገላበጥ ነበር።

የጥብጣቧን ብልጭታ አልተወም። እሷ ግን ወደ መስኮቱ መዞር ተወች።

ከዚያ ወሬው መጣ። በትላልቆቹ አውሮፕላኖች እንድትሠለጥን ሁለት ዓመት ወደ ሌላ አገር ልትመደብ ነው። ማንም አልላካትም፣ ራሷ ጠይቃ ነው ተባለ። በዚህ ላይ አባቷ፣ ከልጁ ጋር በአንድ በረራ ላለመመደብ ሁልጊዜ ሲጠነቀቅ የኖረው፣ የመጨረሻውን በረራ እኔ ራሴ አደርሳታለሁ ብሎ ስሙን አስገባ። የገፊው እናት የበረራው ቀን ጠዋት የካፒቴኑን ሸሚዝ ስትተኩስ ልጇን አስጠራችው። ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ደግማ አለስልሳለች፤ እንፋሎቱ መሃል ቆማ፣ እኔ በዚህ በኩል የምችለውን አድርጌያለሁ፣ በዛሬው ቀን በሸሚዝ ምክንያት እንዳይከፋው አለችው። ሌላውን አንተ ታውቃለህ አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ትከሻዋ ሲነሳና ሲወርድ እያየ ወጣ።

* * *

እና ያ ነፋሳም ጠዋት ደረሰ። በሩ ተዘጋ። ገፊው ፒኗን ሰካ፣ ገመዱን ሰካ፣ "ኮክፒት፣ ከመሬት ነው" አለ።

"ይሰማል" አለ የወንድ ድምፅ። ካፒቴን ቁልፍ ከመሬት ጋር መነጋገሩን ለራሱ ወስዶታል።

ጢሞ ገፋ። ገፊው ጎን ለጎን እየሄደ አፉ የታዘዘውን ይላል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ይራወጣል። ላሳያት ወይስ አላሳያት? ብታየኝስ? ባታየኝስ? ቀኝ እጁ ደረት ኪሱ ውስጥ ገብታ ጥብጣቧን ስታሽ ቆየች። አውሮፕላኑ መስመሩ ላይ ደረሰ፤ ፍሬን ተያዘ፤ ጢሞ ትራክተሩን አውጥቶ ሄደ። ገፊው ገመዱን ነቀለ። አፍንጫው ሥር ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ፒኗን ከፍ አድርጎ ለካፒቴኑ አሳየ። ነፋሱ ጥብጣቧን እንደ ባንዲራ ዘረጋት። ካፒቴኑ አውራ ጣቱን አነሳ።

በዚያች ቅጽበት ከቀኙ መስኮት ፊቷ ወደ እሱ ዞረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኖቿ ጥብጣቧ ላይ ተተክለው ቀሩ፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የንዴት ይሁን የሌላ፣ መለየት አልቻለም። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጢሞ ሄደ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከውስጡ አንዳች ነገር እየቆረጠ የሚጥል መሰለው።

"ለምን ቆመ?" አለ ጢሞ።

ገፊው ዞረ። አውሮፕላኑ ጥቂት ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው ሳይታጠፍ ተገትሯል። መሪው እምቢ ብሎታል።

"አንተ ልጅ፣ ፒኑን ነቅለሃል?"

"ይኸው" አለና እጁን ዘረጋ።

ሁለቱም አዩ። ጎባጣ፣ አሮጌ፣ ከሥራ የወጣች ፒን። ጥብጣቧ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። የደንቧ ፒን እዚያው ጎማው እግር ላይ እንደተሰካች ናት። በሕይወቱ ብዙ ያየ የጢሞ ጢም ተንጠልጥሎ ወረደ። ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ እንጀራህ እኮ ነው አለው ጢሞ። ገፊው ማዳመጫውን ታቅፎ በዚያ ነፋስ ላይ ሮጠ። እንጀራው ግን አልነበረም ያሯሯጠው። አንዴ የተነቀለ ገመድ ተመልሶ ሲሰካ አይቶ አያውቅም ነበር።

* * *

በሞተሩ ጩኸት መሃል ሰካው። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

"ኮክፒት፣ ከመሬት ነው።"

"እሰማለሁ" አለ ካፒቴኑ።

"ፒኑን ሳልነቅል ነው የለቀቅኋችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ያሳየኸኝ ምንድን ነው?"

እዚህ ላይ ትርፍ ፒን ነው ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰናድቶ ቆሟል። መሰላሉ ትዝ አለው፤ ያኔ ዝም በማለቱ የሆነው ሁሉ ትዝ አለው።

"የልጅዎ ጥብጣብ ነው ጋሼ።"

ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ፤ በረዶው የቀለጠ።

"ጥብጣቤን ለአባቴ አሳየኸው።"

"ተሳስቼ ነው።"

"ተሳስተህም ቢሆን። መሬት፣ ያን ቀን ለምን አልመጣህም?"

"መጥቻለሁ።"

"አትዋሽ። ከፎቅ መስኮት ደጁን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ከቧንቧ ሠራተኛው በቀር የመጣ ሰው የለም።"

የቧንቧ ሠራተኛ ስትል ነገሩ ቀድሞ የገባው ለካፒቴኑ ነው።

"ያ እንግዳ አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"የቧንቧ ሠራተኛውም?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"መሰላሉን ይዘውልኝ ነበር" አለ ገፊው። "ይዞልኝ የቆመን ሰው ላሳፍር አልቻልኩም።"

ከዚያ በገመዱ ውስጥ ልቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ ነገር ወረደ። "አይቼህ ነበር እኮ" አለች ኮክፒት። "በጓሮው መስኮት፣ መሰላሉ ላይ፣ ጀርባህን። አንተ መሆንህን ሳላውቅ፣ ይሄ ሰው እንዳይወድቅ እያልኩ ስፈራልህ ነበር። አንተን ልረግም መስኮት ላይ ቆሜ ለአንተ ስጸልይ ዋልኩ።" ከዚያ፣ ሥራ ላይ ካፒቴን እንጂ አባዬ ብላ የማታውቀዋ ልጅ፣ "አባዬ" አለች። ቃሉ ብቻውን በቂ ነበር።

የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ለምን ቆማችሁ እያለ ይጮህ ነበር። በሥራ ዘመኑ አንዲት ደቂቃ ዘግይቶ የማያውቀው ካፒቴን ቁልፍ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ከመሬት ጋር የማጠራው ነገር አለ ብሎ መለሰ። እዚያ ማማ ላይ የነበሩት ሰዎች ያን ድምፅ ይህን ያህል ርዝመት ሲናገር ሰምተው ስለማያውቁ፣ ሌላ ሰው አውሮፕላኑን ያዘው እንዴ ብለው ደነገጡ ይባላል።

"ፒኑን ንቀል" አለ ካፒቴኑ።

ነቀለ። የደንቧን ፒን በቀኝ፣ የእሷን በግራ ይዞ ቆመ። "ነቅያለሁ ጋሼ" አለ።

"ጥፋትህን ለአለቃህ እጽፋለሁ። የሥራ ነገር ነው።"

"ይገባኛል።"

"ታንከሩ ግን እስከ ዛሬ ጠብ አላለም። ፒኑን አሳይ። በእሷ በኩል።"

ገፊው የሰማውን አላመነም። ይህን ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ለቀኝ መስኮት ፒን አሳይ ተብሎ አያውቅም፤ ማንም ተብሎ አያውቅም። መሪው የእርስዎ ነው፣ በሰላም ይሂዱ የሚባለው ለካፒቴን ነው። ካፒቴኑ ደግሞ ያንን ቃል ከራሱ አንስቶ ለልጁ ሰጣት። የት እንደምትሄድ፣ ወደ ማን እንደምትመለስ፣ መሪው በእሷ እጅ ነው ማለቱ ነበር። ካፒቴን ቁልፍ ከዚህ ረዘም አድርጎ መናገር አይችልም።

"መሬት" አለች፣ ገመዱ ከመነቀሉ በፊት። "ሁለት ዓመት ነው እኮ።"

"መሬት የትም አይሄድም" አላት።

ገመዱን ነቀለ። ዞሮ በቀኝ በኩል ወጣ፣ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ሁለቱንም ፒኖች ከፍ አደረገ። ነፋሱ ሁለቱን ጥብጣቦች አንድ ላይ ጠቀለላቸው፤ ሊለያቸው ቢሞክር አልተፈቱለትም። ከላይ መዳፏ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ መዳፉ ተነሳና አውራ ጣት ሆነ። አውሮፕላኑ ታጠፈ። የኛው ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ እግሩ እምቢ ያለው፣ እዚያው ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ ቀረ። ጢሞ መጥቶ በትከሻው እስኪይዘው ድረስ መቆሙን ራሱ አላወቀም።

* * *

ካፒቴኑ ቃሉን አክብሮ ጥፋቱን ጻፈ። ገፊውም ለጊዜው ከማዳመጫው ተነስቶ ሻንጣ ጫነ። እናቱ፣ ሸሚዙ ሳይመለስ መቅረቱን እንጂ ሻንጣውን ቁም ነገር አላለችውም። ኮክፒት በየበረራዋ ከምታርፍበት ሁሉ ትደውላለች፤ "መሬት፣ ኮክፒት ይሰማል" ሳትል ግን ጨዋታ አትጀምርም።

ሁለት ዓይኔን ያስያዝኩበት መሐላ ስላለ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሁሉም እንዳልኳችሁ ነው፤ አንዷን ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ካፒቴኑ "ታንከሩ ጠብ አላለም" ብሎ አልተናገረም። ታንከሩማ ያን ዕለት ከነበረው ብሶ፣ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጦለት ነው የሚያድረው። ካፒቴኑ በዚያ ገመድ ያለው "ያፈሳል፤ መጥተህ ጨርሰው" ነው። ሌላ የቧንቧ ሠራተኛም አልጠራም። ገፊው በየእረፍት ቀኑ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ካፒቴኑ ከታች መሰላሉን ይይዛል፤ ታንከሩ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ሳምንት እንዲያፈስ ሆኖ ይጠገናል። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ የሰው ልጅ በፍቅር ጎበዝ በቧንቧ ሰነፍ ነው እንዳይባል ብዬ፣ ታንከሩን በብዕር የደፈንኩለት።